ሚስ ዲቦራ የማዳመጫውን ክፍል ለምን ዘጋች

መሞቷን የሰማሁት ከሻሸመኔ ወደ አዳማ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አርሲ ነገሌ ላይ ረዳቱ የስንዴ ጆንያ ጣሪያው ላይ ሲያስጭን ቆመናል። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች ወሬ ይዘዋል። ፊታቸውን አላወቅሁትም፤ ከወሬያቸው ግን እኔ በተማርኩበት የአዳማ ኮሌጅ ከእኔ በኋላ የተማሩ መሆናቸው ገባኝ።

«ሚስ ዲቦራ አረፈች እኮ፣ ሰማህ?» አለ አንደኛው።

«የእንግሊዝኛዋ?»

«አዎ። ባለፈው ሳምንት ነው የቀበሯት።»

ሌላው ከንፈሩን መጠጠ። ቀጥሎ ግን አላስቻለውም። «ጎበዝ ነበረች። ምን ዋጋ አለው፣ ኋላ ላይ ፈራች። ያንን ሁሉ ቴፕ ቆልፋበት እኛን በጠመኔ ታስተምረን ነበር። ካድሬዎቹን ፈርታ ነው ይባላል።»

ዞር ብዬ ልናገረው አፌን ከፍቼ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳና ዘፈኑን ለቀቀው፤ እኔም ተውኩት። የሰው ሞት በሰማሁበት ደቂቃ ከማላውቀው ሰው ጋር ጭቅጭቅ መግጠም አላማረኝም። እስከ ዝዋይ ድረስ ግን ስበሳጭ ነው የሄድኩት። አሁን ረጋ ብዬ ልናገር፤ ሚስ ዲቦራ ብዙ ነገር ልትባል ትችላለች፣ ፈሪ ግን አትባልም። ክፍሉን የዘጋችበትን ቀን ከእሷ ጋር የነበርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። ዘመኑ የደርግ ነው። ሚስ ዲቦራ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ ከወለጋ፣ እናቷ ከሐዲያ የመጡ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ጴንጤ የሚባል ሴት ነበረች። በፊቷ «እርስዎ» እንላታለን፣ በሌለችበት ግን «እሷ» ነበረች፣ ምክንያቱም ከእኛ ብዙም አትበልጥም። ቁመቷ አጭር ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከግማሽ በላይ አትደርስም። ታችኛው ግማሽ ላይ ጥቅጥቅ አድርጋ ስለምትጽፍ ከኋላ የምንቀመጥ ሰዎች እንግሊዝኛን የተማርነው ቆመን ነው ማለት ይቻላል። ወንበር አምጡልኝ ብትል የሚያመጣላት አይጠፋም ነበር፤ አንድም ቀን አላለችም።

አንድ አባባል ነበራት። ተማሪ ሲያፍር፣ አፉ ውስጥ ሲያልጎመጉም፣ እጇን ጆሮዋ ላይ ታደርግና «ጮክ ብለህ ተሳሳት!» ትላለች። ትክክል ተናገር ብላን አታውቅም። ጮክ ብለህ ተሳሳት። ዘመኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ አልነበረም። ጮክ ብሎ የተሳሳተ ሰው የት እንደሚውል ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከመካከላችን ወንድሙን ወይም እህቱን በዚያ መንገድ ያላጣ ጥቂት ነው።

የማዳመጫውን ክፍል ያስከፈተችው እሷ ናት። ዕቃው ከውጭ አገር በእርዳታ መጥቶ፣ ሣጥኑ እንኳን ሳይከፈት መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ኖሯል። ዲኑን በየኮሪደሩ እየጠበቀች፣ ሻይ ቤት ድረስ እየተከተለች አሰልችታ አሰልችታ ቁልፉን ተቀበለችው። ከኮሌጁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ሆና ገመዱን ዘረጋች። በግድግዳው ዙሪያ በእንጨት የተከለሉ ትንንሽ ቦታዎች ተሠሩ፤ እያንዳንዱ ጋ አንድ ቴፕ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ ከማዳመጫው ጋር የተያያዘ ማይክ። ተማሪው ከካሴቱ የእንግሊዞቹን ንግግር ይሰማል፣ ይደግማል፣ የደገመውን ማሽኑ ይቀዳዋል፣ ከዚያ የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማና ያስተካክላል። ፊት ለፊት የእሷ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተደርድረዋል፤ የፈለገችውን ስትጫን የዚያን ተማሪ ድምፅ ትሰማለች፣ ተማሪው ግን መሰማቱን አያውቅም።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር በኩራት ነበር የነገረችን። «ሳላስደነግጣችሁ አዳምጣችኋለሁ» አለች። እኛ እርስ በርስ ተያየን።

በሳምንቱ ክፍሉ ስም ወጣለት። «ምርመራ» አልነው። «ዛሬ ምርመራ ስንት ሰዓት ነው?» እንባባላለን፣ እንስቃለን፣ ስንገባ ግን ሳቅ የለም። ድምፅህን በማሽን ተው፣ ማን እንደሚሰማህ አታውቅም፤ ይህንን ለትምህርት ነው ብሎ የሚያምን ልጅ ያኔ ናዝሬት ውስጥ ከየት ይመጣል? ማዳመጫውን ጆሯችን ላይ አድርገን ከንፈራችንን እናንቀሳቅሳለን። ላየን ሰው ትጉ ተማሪዎች ነን። ማሽኑ የሚቀዳው ግን ትንፋሻችንን ብቻ ነበር።

እሷ ማሽኑ የተበላሸ መስሏት ያንኑ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራችው። ገመዱን ሲፈትሽ ቆየና፣ «ማሽኑ ደህና ነው ሚስ። ልጆቹ ናቸው የማይናገሩት» አላት።

ያን ዕለት ማዳመጫችንን አስወልቃ ጠየቀችን። «ለምንድን ነው የማትናገሩት? ክፍል ውስጥ እኮ ትናገራላችሁ።» ሁሉም አቀረቀረ። ከቆቃ የመጣ ቶሎሳ የሚባል ልጅ ነበር፣ እናቱ ግድቡ ዳር ዓሣ እየሸጠች ያሳደገችው፤ ሰው የሚያስበውን ቀድሞ የመናገር ክፉ አመል ነበረበት። እሱ እጁን አወጣ።

«ሚስ፣ ድምፃችን የት ነው የሚሄደው?»

እኔ አብሬው በመቀመጤ ፈራሁ። ሚስ ዲቦራ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች አየቻቸው፣ ከዚያ «ዛሬ ይበቃናል፣ ሂዱ» አለችን። ፊቷ የተከፋ ሰው ፊት ነበር። እኛ የተቀየመችን መስሎን ነበር፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የእሷ ሰዎች ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ፣ በየቤቱ መስኮት ዘግተው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በለሆሳስ የሚዘምሩ ሰዎች ነበሩ። ድምፅን መደበቅ ምን እንደሆነ የሚነግራት አያስፈልጋትም። እንዴት ቀድሞ አልታየኝም ብላ ነው በራሷ የተናደደችው። ይህንን ኋላ ላይ ራሷ ነግራኛለች።

በማግሥቱ ፒንሳ ይዛ መጣች። ሁላችንም እያየን ጠረጴዛዋ ስር ጎንበስ አለችና ከእኛ ወደ እሷ የሚመጡትን ገመዶች አንድ በአንድ ቆረጠቻቸው። ዲኑ ቢያይ ምን ሊል እንደሚችል አስቡት፤ የመንግሥት ንብረት ነው። ከዚያ ተነሥታ እጇን አራገፈች።

«ከዛሬ ጀምሮ ከጀርባችሁ አልሰማም። መስማት ስፈልግ መጥቼ እጠይቃለሁ። የቀዳችሁትንም ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በገዛ እጃችሁ ታጠፋላችሁ። እዚህ የተናገራችሁት ከዚህ በር አይወጣም። ቃሌ ነው» አለች።

እንዳለችው ሆነ። መስማት ስትፈልግ መጥታ የእንጨቱን ከለላ በጣቷ መታ መታ ታደርግና «ልስማ?» ትላለች። እምቢ ማለት ይቻላል። እምቢ ያሏት ነበሩ፤ «እሺ» ብላ ታልፋለች፣ ቂም የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ሁላችንም ካሴታችንን ወደ ኋላ እንመልሳለን፣ ማይኩን እንነቅላለን፣ ባዶ እናስቀዳበታለን። የሚጠፋው በዚያ መንገድ ስለሆነ ካሴቱ ዞሮ እስኪያልቅ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። የናዝሬት ሙቀት፣ የቴፖቹ ዝግ ያለ ድምፅ፣ ውጭ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ። አንዳንዱ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ በተማርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ያለ ደህና ዝምታ አላስታውስም።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ቶሎሳ ነው። ቀጥሎ ሴቶቹ። ወሩ ሳያልቅ ክፍሉ እንደ ገበያ ይንጫጫ ጀመር። በምሳ ሰዓት አስከፍተው የሚገቡ መጡ፤ አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ጆሮ ለጆሮ ገጥመው የሚሰሙ፣ ከሌላ ትምህርት ክፍል በልመና የሚገቡ፣ ሰው እንዳያያቸው በሩን ገርበብ አድርገው የሚለማመዱ የሂሳብ መምህር ሳይቀሩ። «ምርመራ» የሚለው ስም ቀረ። ማን እንደተወው አላውቅም፤ የሚጠራው ሰው ጠፋ እንጂ። ሚስ ዲቦራ በመካከላችን እየተሽከረከረች ከለላውን መታ መታ ስታደርግ ደስታዋ ከፊቷ ይነበብ ነበር። በሕይወቷ ከሠራችው ሥራ ሁሉ የምትኮራው በዚህ እንደሆነ ማንም ያውቃል።

የኮሌጁ ካድሬ ሳይሰማ አልቀረም። አንድ ቀን ጠዋት መጣ፤ እኔ ካሴት ስደረድር ነበር። የተማሪዎቹን ቅጂ ማየት እፈልጋለሁ አለ። ካሴቶቹን አቀረበችለት። አንዱን አስገብቶ ሰማ፤ ሽሽሽ ብቻ። ሌላውን አስገባ፤ እንደዚያው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ባዶ ነው ጓድ።»

«ታዲያ ተማሪዎቹ እዚህ ምን ሲሠሩ ነው የከረሙት?»

«ሲማሩ።»

«የተማሩት የታለ?»

«እነሱ ጋ ነዋ» አለችው።

ሰውየው እየሳቀ ወጣ፤ የእሱ ሳቅ ግን ደስ አይልም ነበር። ለትምህርት ወደ ውጭ ትሄዳለች ተብላ ታጭታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ያነሣላት ሰው የለም። በምትኳ ማን እንደሄደ ይታወቃል፣ ልተወው። እሷ ግን ማጥፋቱን አላስቆመችም። እንግዲህ ያ ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሰው ፈራች የሚላት ይህቺን ሴት ነው።

ትምህርታችንን ልንጨርስ በተቃረብን ሰሞን ቶሎሳ አንድ ነገር ለመናት። እንግሊዝኛው ጠርቶ ድምፁ ተለውጦ ነበር፣ እሱም ያውቀዋል። ካሴቱን ከማጥፋቱ በፊት ጠራትና፣ «ሚስ፣ የእኔን ይተዉልኝ። ለሚመጡት ልጆች ይሁን። እናቴንም አንድ ቀን አምጥቼ አሰማታለሁ፣ ነግሬያታለሁ» አላት።

«ለአንተ ብተው ካድሬው ነገ የሌሎቹስ ይለኛል። ለሁላችሁም አንድ ቃል ነው የሰጠሁት» አለችው። ወዲያው ደግሞ አሳዘናት መሰለኝ፣ «እናትህን አምጣት፣ አንተው ቁጭ ብለህ ትናገርላታለህ» አለችው።

«እሱም እውነት ነው» ብሎ ሳቀ። ካሴቱን ራሱ መለሰው፣ ማይኩን ነቀለ፣ እስኪያልቅ ጠበቀ። የሁላችንም ነገር በዚህ አለቀ።

እኔ በትምህርት ክፍሉ ረዳት ሆኜ ቀረሁ። ቶሎሳ ገጠር ትምህርት ቤት ተመደበ። ለእረፍት ወደ እናቱ ሲሄድ፣ ሞጆ ገበያ ላይ አፈሳ ያዘው፤ መምህር ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል። ሰሜን ሄደ። ብዙ ሳይቆይ መርዶው መጣ። ሚስ ዲቦራና እኔ ቆቃ ለቅሶ ደረስን፤ እናቱ አዴ ጫልቱ ከሰው መካከል ተቀምጠው፣ እንባቸው አልቆ፣ ለመጣው ሁሉ ጎንበስ ይላሉ። ጥቂት ተቀምጠን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከመናገሬ በፊት መጨረሻዋን ልንገራችሁ። አዴ ጫልቱ እኛ ዘንድ በመጡበት ቀን ክፍሉን ቆለፈችው። የሚቀጥሉት ተማሪዎች ከእኛ ሰምተው መጥተው ነበርና ለመኗት፤ እኛ መጀመሪያ ፈርተን አፋችንን ያልከፈትንበትን ክፍል እነሱ በሩን እየደበደቡ ክፈቱልን አሉ። «ተበላሽቷል» ትላቸዋለች። አልተበላሸም፤ አቧራ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። መንግሥት ሲለወጥ ዕቃው ማን እንደወሰደው ሳይታወቅ ጠፋ። እሷ ጡረታ እስክትወጣ በጠመኔ አስተማረች፣ በዚያችው በታችኛው ግማሽ ሰሌዳ ላይ። ስንት ልጅ አፉን ሳይከፍት እንዳለፈ ሳስበው ይቆጨኛል። እሷንም አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። «ማጥፋቴ ልክ ነበር። አሁንም ቢሆን አጠፋዋለሁ። ግን ልክ መሆኑ ምንም አልጠቀመኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላነሣሁባትም።

አዴ ጫልቱ የመጡት ከለቅሶው ወራት በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከገበያ መልስ ነው። ባዶ የዓሣ ቅርጫታቸውን በሩ ላይ አስቀመጡና ክፍሉን ከደጅ አዩት።

«ድምፅ የሚያስቀምጡበት ቤት ይሄ ነው?» አሉኝ፣ ተቸግረው በሚናገሩት አማርኛ።

ሚስ ዲቦራ ድምፃቸውን ሰምታ ወጣች። «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብላ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ወዲያ ወሬው በኦሮምኛ ሆነ፤ እኔም እሰማለሁ።

«ፎቶው አለኝ» አሉ አዴ ጫልቱ። «ግድግዳው ላይ ነው፤ አይናገርም። ድምፁ እየጠፋብኝ ነው ልጄ። ልሰማው ስሞክር የወንድሙ ድምፅ ይመጣብኛል። እሱ ደግሞ እዚህ አስቀምጥልሻለሁ ብሎኝ ነበር።»

የሚስ ዲቦራ ፊት ሲለወጥ አየሁት። ካድሬው ወሰደው ልትል ትችል ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም። ማሽኑ በላው ማለትም ይቻላል።

«የለም አዴ» አለች። «ጠፍቷል።»

«ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ ያስጠፋሁት። እሱ ይተውልኝ ብሎኝ ነበር፣ እኔ እምቢ አልኩት።»

«ለምን?»

«እንዳይያዙ ብዬ። ለእነሱ ስል።»

«ለእሱም?»

«ለእሱም።»

አዴ ጫልቱ «እሱስ ተያዘ» አሉ። ለመውቀስ አልነበረም፤ ሐሳቡን ለራሳቸው እንደሚጨርስ ሰው ነው የተናገሩት። ሚስ ዲቦራ ግን የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

እኔ ጠጋ ብዬ ጆሮዋ ስር፣ አንዱን የቆቃ ልጅ አስቀድተን ብንሰጣቸውስ፣ እንግሊዝኛ አያውቁ፣ አልኳት። «እናት ናት እኮ» አለችኝ። አፈርኩ።

አዴ ጫልቱ ገብተው የልጃቸውን ወንበር ጠየቁ። አሳየናቸው፤ ተቀመጡ። ማዳመጫውን በእጃቸው ይዘው አገላበጡት።

«ምን ነበር እዚህ ሆኖ የሚለው?»

ሚስ ዲቦራ ነገረቻቸው። ትምህርቱ ቀላል ነበር፤ አንድ እንግዳ ሰው ከተማ ገብቶ ወደ ፖስታ ቤት የሚወስደው መንገድ የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃል። ቶሎሳ ይህቺን አንድ ጥያቄ ነበር ሲደጋግም የሚውለው።

«በፈረንጅኛው በይልኝ።»

አለችላቸው። ጥርት ባለ፣ ካሴቱ ላይ እንዳለው እንግሊዝኛ።

አዴ ጫልቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም። መጀመሪያ እረፍት የመጣ ጊዜ እቤት ይለው ነበር፣ ውኃው ዳር ሆኖ ሲጮህ እሰማዋለሁ። እሱ እንደዚህ አይልም።»

ሚስ ዲቦራ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው፤ ግን የእሷ አልነበረም። የመጀመሪያውን ቃል ጠበቅ አድርጋ፣ መሐሉን እየጎተተች፣ መጨረሻው ላይ ከሐይቁ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ከፍ አድርጋ፤ ልክ ቶሎሳ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ እንደሚለው፣ እሷ ራሷ ዓመቱን ሙሉ ስታስተካክልለት የኖረችውን ጥመት ሁሉ አንድም ሳትተው አለችው። እሱ ነው።

አዴ ጫልቱ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ያዙ። «ድገሚልኝ» አሉ።

ደገመችላቸው። እናቲቱ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ ሰሙ፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ።

«ድገሚልኝ።»

ሦስተኛው ላይ ሚስ ዲቦራን እንባ አነቃት። የመጀመሪያውን ቃል አወጣችው፤ መሐሉ ግን ተቆረጠ። ጉሮሮዋን ጠራርጋ እንደገና ጀመረች። ቃሉ ወጣ፤ ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ የአስተማሪ ሆኖ ወጣ። እንደገና ሞከረች፤ ያው ሆነ።

አዴ ጫልቱ ማዳመጫውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ተነሡ። ፊቷን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉላት።

«ይበቃል ልጄ» አሏት። «አሁን አንቺ ነሽ።»